የልየታ ምርመራ በጎጃም ደጋ

የልየታ ምርመራ ማለት ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው በመመርመር፣ ገና ምልክት ያላሳየ በሽታ ወይም ወደ በሽታ የሚያመራ ለውጥ በሰውነቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የማጣራት ሥራ ነው። ቅድመ ምርመራም ይባላል። በከተማ «ጠቅላላ ምርመራ» ወይም «ቼክአፕ» የሚባለው ከልየታ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም፣ ብዙ ሕይወት የሚያድነውም እሱ አይደለም። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ፣ ማለትም በጎጃም ደጋ፣ ትልቁን ጥቅም የሚሰጡት ጥቂትና ርካሽ ምርመራዎች ናቸው፤ ጥቅማቸውም የሚታየው ከምርመራው ቀጥሎ ሕክምና ሲኖር ብቻ ነው።

ትርጉም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት የሚናገረው ሕመሙን እያወቀ ስለሚሸሽግ ሰው ነው። ልየታ የሚመለከተው ግን በሽታው ከራሱ ከባለቤቱ የተደበቀበትን ሰው ነው። ሰውየው ያርሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ጤነኛ ነኝ ይላል፤ አልዋሸም።

አንድ ሰው ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢመረመር ያ ልየታ ሳይሆን የሕመምን መንስኤ ፍለጋ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ በተግባር ግን ትልቅ ነው። የታመመው ሰው ራሱ እርዳታ ፈልጎ መጥቷል፣ ምርመራው ፍጹም ባይሆንም እንኳ ሳይመረመር ከመቅረት ይሻለዋል። በልየታ ጊዜ ግን የጤና ባለሙያው ነው ጤነኛውን ሰው «ና ልይህ» የሚለው። ስለዚህ ያልታመመን ሰው እንዳይጎዳ ያለበት ኃላፊነት ይበልጣል።

ይህን በማሰብ እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ለዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛዎችን አዘጋጅተው ነበር፤ ዛሬም ይሠራባቸዋል። ዋና ዋናዎቹ በአጭሩ እንዲህ ናቸው፦ በሽታው ለኅብረተሰቡ ከባድ ችግር መሆን አለበት፤ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ምርመራው ቀላልና ሰዎች የሚቀበሉት መሆን አለበት፤ የተገኘበትም ሰው የሚታከምበት መንገድ መኖር አለበት። የመጨረሻው ካልተሟላ የቀሩት ዋጋ የላቸውም።

የእግር እብጠት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ

ለጎጃም ደጋ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ሕዝቡ ከሌሎች የእግር እብጠቶች ጋር ደምሮ «ዝሆኔ» ይለዋል። ቆላ ውስጥ ትንኝ በሚያስተላልፈው ትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ትልም ትንኝም የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ፣ በዘር ተጋላጭ የሆኑ ሰዎችን ይይዛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት በሽታውን ከአፈሩ ጋር አገናኝቶ ስሙን ያወጣለት ሲሆን፣ ቃሉ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» የተገኘ ነው።

በሽታው በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ እግርን ያሳክካል፣ ከእርሻ ሲመለሱ ያቃጥላል፣ ማታ ያበጠው ጧት ይጎድላል። በዚህ ጊዜ እግርን በሳሙና አጥቦ ጫማ ማድረግ ከጀመሩ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ሳይታወቅ ካለፈ ግን እግሩ እየደነደነ ይሄዳል፣ አልፎ አልፎም ትኩሳት ያለው ከባድ ሕመም ለቀናት ያስተኛል። በዘር ነው እየተባለ ልጅ እስከመዳር ድረስ ጣጣ ስለሚያመጣ ብዙዎች ይሸሽጉታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በመሄድ 15 ዓመት የሞላቸውን 51,017 ሰዎች አጣርቷል። 1,704 ሰዎች ላይ በሽታው ተገኘ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። ከ30 ሰው አንዱ ማለት ነው። ጤና ጣቢያ የመጡትን ብቻ ቢቆጥሩ ኖሮ ይህን ያህል ባልተገኘ ነበር፤ የታመመው ሰው ያለው ቤቱ ነውና።

ከማግኘት በኋላ ምን ይደረግ የሚለውንም እዚያው ጎጃም ውስጥ የተደረገ ሌላ ሙከራ መልሶታል። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን የእግር አስተጣጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ወዲያውኑ ሲሰጠው ሌላው ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት የሚያስተኛው ሕመም በአንድ ሰው በዓመት ከ23.9 ጊዜ ወደ 19.4 ጊዜ ወርዷል። ቅናሹ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ አንድ ገበሬ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ከመተኛት ሲድን ግን የሚቆጥበው የእርሻ ቀን ቀላል አይደለም። ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው የተሰጠው።

ልየታ የሚቀርበት ጊዜ፦ ትራኮማ በጎንቻ ሲሶ እነሴ

ትራኮማ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ተላላፊ በሽታ ነው። መጀመሪያው ላይ ውጭ ሆኖ አይታይም፤ የላይኛው የዓይን ቆብ ተገልብጦ ሲታይ ከውስጥ በኩል ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይገኛሉ። በሽታው ለዓመታት ሲደጋገም ቆቡ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ወረንጦ በኪሳቸው ይዘው ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ እናቶች በዚህ ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 ከመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳየ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ እያንዳንዱን ልጅ ቆብ ገልብጦ መለየት ትርጉም አይኖረውም፤ ከሁለቱ አንዱ ታሟልና። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሕፃናቱ 10 ከመቶና ከዚያ በላይ የተያዙበት ወረዳ ከሆነ፣ ሳይለዩ ለሕዝቡ ሁሉ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት መስጠት ይገባል ይላል። የሚመረመረው ወረዳው እንጂ ግለሰቡ አይደለም።

በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ72 ንዑስ ቀበሌዎች የተደረገው ጥናት በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ዘንድ በስፋት ይታወቃል። ሕፃናት በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን በወሰዱባቸው ቀበሌዎች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተዋሲው ስርጭት በሕፃናት ላይ ከ48 ከመቶ ወደ 4 ከመቶ ገደማ ወረደ። ያልተጠበቀም ነገር ተገኘ። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የደረሰው ሞት መድኃኒት ባልተሰጠባቸው ቀበሌዎች በዓመት ከ1,000 ሕፃናት 8.3 ሲሆን፣ በተሰጠባቸው 4.1 ነበር። ለዓይን የታሰበው መድኃኒት ሌሎች ገዳይ ተሐዋስያንንም ሳይመታ እንዳልቀረ ይገመታል።

ሽፋሽፍታቸው የታጠፈባቸውን ሰዎች ግን አሁንም አንድ በአንድ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ እነሱን የሚያድነው ክኒን ሳይሆን ትንሽ የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው።

የማህፀን በር ካንሰር

ከልየታዎች ሁሉ የጎጃምን ሴቶች ሕይወት በቀጥታ የሚመለከተው ይህ ነው። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ ካንሰር ነው። ለእ.ኤ.አ. 2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በአገሪቱ በዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች ይያዙበታል፣ ከ5,000 በላይ ይሞቱበታል። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ሴቶቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ምን ያህል ዘግይተው እንደሆነ ይናገራል።

መንስኤው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፣ እጅግ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ከቆየ ግን የማህፀን በር ሕዋሳትን መለወጥ ይጀምራል። ከዚያ እስከ ካንሰር ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሴትየዋ ሕመም የላትም፣ ደም አይፈሳትም። አንድ በሽታ ለልየታ የተመቸ ነው ከተባለ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ምርመራው ራሱ ውስብስብ አይደለም። ሠልጥና የመጣች ነርስ ወይም አዋላጅ የማህፀን በሩን በመሣሪያ ከፍታ ትመለከታለች፤ ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ትቀባለች። ይህ ወጥ ቤት የምናውቀው የአቼቶ ዋና ንጥረ ነገር ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተለወጠው ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ውጤቱም ተመላለሱ አያሰኝም። ነጩ ቦታ አነስተኛ ከሆነ በዚያው ቀን በጋዝ ቀዝቃዛነት ወይም በሙቀት ይታከማል። የጋዙ ሕክምና ሲሊንደር ስለሚፈልግና ጋዙ ሲያልቅ ስለሚቋረጥ፣ በባትሪ የሚሠራው የሙቀት መሣሪያ ለወረዳ ጤና ጣቢያዎች ይበልጥ የሚመች ነው።

በኢትዮጵያ መመሪያ ምርመራው የሚመከረው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሲሆን፣ ነጻ ከሆኑ ከአምስት ዓመት በኋላ ይደገማል። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በሽታው ስለሚፈጥንባቸው ቀደም ብለውና ቶሎ ቶሎ መመርመር አለባቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ የዕድሜ ክልል ካሉ ሴቶች አንድ ጊዜ እንኳ የተመረመሩት 2.9 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲደረስበት ያስቀመጠው ግብ 70 ከመቶ ነው።

ለምን አይመረመሩም? እፍረት አንዱ ነው፤ መርማሪው ወንድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። «ሳያመኝ ምን ብዬ እሄዳለሁ?» የሚለው ሁለተኛው ነው። ካመማት በኋላ ደግሞ ብዙዋ ሴት መጀመሪያ ጠበል ትሄዳለች። ይህን መንቀፍ የትም አያደርስም፤ ጠበል መሄድ ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክልም። ችግሩ ጊዜው ነው። በሽታው ከገፋ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል፤ ይህ ሕክምና ደግሞ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በመላ አገሪቱ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ማደሪያ ተከራይቶ፣ ወረፋ ጠብቆ። በጤና ጣቢያ በአንድ ደቂቃ ሊታይ የሚችል ነጭ ነጥብ ሳይታይ ሲቀር የሚያስከፍለው ይህን ነው።

አዲሱ መንገድ ቫይረሱን ራሱን መፈለግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ይህን ያስቀድማል፣ ሴትየዋ ናሙናውን በራሷ እጅ መውሰድ እንደምትችልም ይፈቅዳል። እፍረቱን በእጅጉ የሚያቃልል ነው። ለልጃገረዶች ደግሞ ክትባት አለ፤ ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ከ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራለች። ክትባቱ ግን ዛሬ 35 ዓመት የሆናትን እናት አይረዳም፤ ለእሷ ያለው ልየታው ነው።

ደም ግፊት

በአገራችን «ደም ብዛት» የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። የሚበዛው ደሙ ሳይሆን ደሙ የደም ሥር ግድግዳን የሚገፋበት ኃይል ነው። ራስ ምታት የግፊት ምልክት ነው የሚለውም እንዲሁ አያስተማምንም፤ አብዛኛው ሰው ስትሮክ እስኪጥለው ወይም ኩላሊቱ እስኪደክም ድረስ ምንም አይሰማውም። ከላይ የተጠቀሰው የ2015ቱ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን 16 ከመቶ ገደማ ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው አግኝቷል። አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም።

ልኬቱ ቀላል ነው፤ በትክክል መለካት ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ወዲያው ቢለካ ግፊቱ ከፍ ይላል። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ የመጣም እንዲሁ፤ ቡና ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ተረጋግቶ መቀመጥ፣ እግርን አለማነባበር፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማሳረፍ ያስፈልጋል። 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል፤ ግን በአንድ ቀን ልኬት አይፈረድም፣ በሌላ ቀን ይደገማል። የስኳር በሽታም በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ ምግብ ሳይበሉ በተወሰደ ደም 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ፣ ምልክት በሌለው ሰው ላይ ሁለተኛ ምርመራ ያረጋግጠዋል።

ነፍሰ ጡር እናቶችና ከፍታው

በገጠር በሰፊው የሚሠራው ልየታ «ልየታ» ተብሎ አይጠራም፤ የእርግዝና ክትትል ነው። ነፍሰ ጡሯ ግፊቷ ይለካል፣ ሽንቷ ይታያል፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ለደም ማነስ ትመረመራለች። ኤች አይ ቪና ቂጥኝ በጊዜ ከታወቁ ልጁ ሳይያዝ እንዲወለድ ማድረግ ይቻላል።

የደም ማነስ ምርመራ በደጋ የራሱ ጉዳይ አለው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ ስለዚህ ውጤቱ ሲነበብ ለከፍታው ማስተካከያ ይደረጋል። ለረጅም ጊዜ በተሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ በ2,500 ሜትር ላይ 1.3 ግራም ይቀነሳል። ደብረ ማርቆስ ወደዚህ ከፍታ ትቀርባለች። 11.8 የሆነ ውጤት ያላት ነፍሰ ጡር፣ ወሰኑ 11 ስለሆነ፣ ደኅና ትመስላለች፤ ሲቀነስ ግን 10.5 ይሆንና የደም ማነስ አለባት ይባላል። ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ግኝት አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ አማሮች ላይ የታተመ ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ዳርቻ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። አንድ ቁጥር የሚሰጠው ትርጉም በማን ላይና የት እንደተለካ ያልተለየው እንዳይሆን ባለሙያው እነዚህን ሁለቱን ማወቅ አለበት።

«ጠቅላላ ምርመራ» እና ሒሳቡ

በትልልቅ ከተሞች የግል ሆስፒታሎች ብዙ ምርመራዎችን በአንድ ላይ አሽገው ይሸጣሉ፤ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችም ወላጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሒሳቡ ግን እንደሚታሰበው አይደለም።

ከ1,000 ሰዎች 10ሩ በሽታው አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ10 ሕመምተኞች 9ኙን ይይዛል፣ ከ10 ጤነኞችም 9ኙን ነጻ ይላል እንበል። ጥሩ ምርመራ ይመስላል። ከ10ሩ 9ኙ ተያዙ፤ ከ990 ጤነኞች ግን 99ኙ በስሕተት «አለባችሁ» ተባሉ። «አለባችሁ» ከተባሉት 108 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው፤ ከ12 ሰው አንዱ። በሽታው በግማሹ ሕዝብ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ምርመራ «አለባችሁ» ካላቸው ከ10 ሰዎች 9ኙ በእርግጥ የታመሙ በሆኑ ነበር። ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመርማሪው ሕዝብ ነው።

ሌላም አለ። የላቦራቶሪ «ትክክለኛ» ወሰን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከጤነኞች 95 ከመቶውን እንዲያቅፍ ተደርጎ ነው። አንድ ፍጹም ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢደረጉለት፣ ቢያንስ አንዱ ከወሰን ውጭ የመሆን ዕድሉ 64 ከመቶ ነው (0.95 በራሱ 20 ጊዜ ተባዝቶ ከ1 ሲቀነስ)። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምርመራ፣ ተጨማሪ ወጪ፣ ያልተኛ ሌሊት ይከተላል።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የጠቅላላ ምርመራን ጥቅም የፈተሹ 15 ሙከራዎች፣ ከ250,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ ላይ ተገምግመው ሞትን እንደማይቀንስ ታይቷል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ጤነኛ ሰዎች አንገታቸውን በአልትራሳውንድ መታየት ሲያዘወትሩ የታይሮይድ ካንሰር ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 በ15 እጥፍ አደገ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም። ብዙዎች ፈጽሞ የማይጎዳቸውን ነገር ለማስወጣት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

ገንዘብ ያለው ልጅ ለእናቱ ማድረግ የሚችለው ጥሩ ነገር ግፊቷን በየጊዜው ማስለካት፣ ስኳሯን ማሳየት፣ ዕድሜዋ ከሆነ የማህፀን በር ምርመራ ማስደረግና ዓይኗን ማስመርመር ነው። አብዛኛው ደብረ ማርቆስ ሳይደርሱ በወረዳ ጤና ጣቢያ ይገኛል።

ከተለየ በኋላ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቋቁሞ ሁለት ሁለት ሠራተኞችን መድቧል። በሽታን ቤት ድረስ ሄዶ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መዋቅር ብዙ አገር የለውም። የሚበጠሰው ሰንሰለቱ ላይ ነው። ኬላ ላይ ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፤ በየደረጃው የሪፈር ወረቀት ይዛ፣ በየደረጃው የመኪናና የምግብ ወጪ እየከፈለች። ደኅና የሚሰማት ሰው ስለሆነች መንገድ ላይ የመተው ዕድሏ ከሕመምተኛው ይበልጣል።

ወጪውን ለማቃለል የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ በጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። መድኑ የሕክምናውን ክፍያ ይሸፍናል፤ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ግን ሕመምተኛው ከግል ፋርማሲ በኪሱ ይገዛል ወይም ያቋርጣል። የግፊት ክኒን ደግሞ የሚወሰደው ለወር ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ነው። ብዙ ሰው ሲሻለው ይተወዋል፣ ወይም በነጭ ሽንኩርት ይተካዋል፤ ግፊቱም ድምፅ ሳያሰማ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገዶች ሲዘጉና የመድኃኒት አቅርቦት ሲቆራረጥ፣ ይህ ከሕመምተኛው ፈቃድ ውጭ የሆነባቸው ወረዳዎች ብዙ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች ግፊታቸው የተረጋጋ ሰዎችን የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሰጥቶ መሸኘትን ይመርጣሉ።